የሃይማኖት ትምህርት ከተማሪው ኑሮ ሲጀምር
(ለሃይማኖት ትምህርት ክፍል ኃላፊዎች)

በካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት የሃይማኖት ትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆኖ የሚመደብ መምህር በመጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛውን መጽሐፍ ልያዝ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ትምህርቱ ከየት ይጀምር የሚለው ነው። ከመጽሐፉ ወይስ ከተማሪው? በዚህ ጽሑፍ በምሥራቅ አፍሪካ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠውን አንድ መልስ፣ አሠራሩንና የሚበላሽበትን ምክንያት እንገልጻለን።

የቀድሞው ልማድ የታወቀ ነው። መምህሩ ጥያቄውን ያነባል፤ ተማሪው የተዘጋጀውን መልስ በቃሉ ይወጣል። ዘዴው ቃሉን ለማስያዝ ይረዳ ነበር፤ ይሁን እንጂ ተማሪው መልሱን ከኑሮው ጋር እንዲያገናዝብ አይጠይቀውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 በኡጋንዳ፣ ካቲጎንዶ በተባለው ስፍራ የመላ አፍሪካ የትምህርተ ክርስቶስ የጥናት ሳምንት ተደረገ። በ1960ዎቹ ማብቂያም የምሥራቅ አፍሪካ ጳጳሳት ጉባኤዎች ማኅበር በካምፓላ አጠገብ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ጋባ ላይ አንድ የማሠልጠኛ ተቋም ከፈተ። ተቋሙ በ1976 ወደ ኬንያ፣ ኤልዶሬት ቢዛወርም ጋባ የሚለው ስሙ አልተለየውም። በ1970ዎቹ ከዚህ ተቋም ለሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች «ክርስቺያን ሊቪንግ ቱዴይ» የተባለው መጽሐፍ ወጣ። ትርጓሜው «የክርስትና ኑሮ ዛሬ» ማለት ነው። መጽሐፉ ካቶሊኮችና ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት በጋራ ባዘጋጁት መርሐ ትምህርት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ በኡጋንዳና በኬንያ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል።

የመጽሐፉ ዘዴ አንድን የኑሮ ርእስ ወስዶ በአምስት እርምጃ መመርመር ነው። አንደኛ፣ ነገሩ ዛሬ በአካባቢያችን እንዴት ነው? ሁለተኛ፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን በባህላቸው እንዴት ያዩት ነበር? ሦስተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን በታሪኳ ምን አደረገች? አራተኛ፣ ቅዱስ መጽሐፍ ምን ያስተምራል? አምስተኛ፣ እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ስናያቸው እኛ ምን እናድርግ?

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን «ሥራ» የሚለውን ርእስ እንውሰድ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹ በየቤታቸው ትናንት የተሠራውን ሥራ፣ ማን እንደ ሠራውና ማን ገንዘብ እንዳገኘበት ይዘረዝራሉ። ውኃ የቀዳችው እኅት፣ ዲፕሎማ ይዞ ሥራ ያጣው ወንድም፣ ወደ ዓረብ አገር የሄደችው አክስት ሁሉም በሰሌዳው ላይ ይወጣሉ። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ስለ ደቦና ወንፈል ይነጋገራሉ። ባህል ሲባል ግን መልካሙ ብቻ አይነሣም፤ ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ይናቁ እንደ ነበርም ይነገራል። በሦስተኛው፣ በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ቤነዲክቶስ ለመነኮሳቱ የእጅ ሥራን ከጸሎት ጋር እንዳዘዘ፣ በ1891 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ ስለ ሠራተኞች መብት፣ በ1981ም ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ስለ ሰው ልጅ ሥራ መልእክት እንደ ጻፉ ይማራሉ። በአራተኛው ዘፍጥረት 2፥15፣ ማርቆስ 6፥3 እና ማቴዎስ 20፥1-16 ይነበባሉ። አንጥረኛው ሲናቅ የሰማ ተማሪ ጌታ ራሱ ጸራቢ መባሉን ሲያነብ ጥቅሱ አዲስ ሆኖ ይገኝለታል። በአምስተኛው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚፈጽሙትን አንድ ነገር ይወስናሉ፤ ለምሳሌ ወንዶቹ በቤት ውስጥ ከእኅቶቻቸው ላይ አንድ ሥራ ለመቀበል ይስማሙ ይሆናል።

እንዲህ ያለው ዘዴ የሚበላሸው በፈተና ምክንያት ነው። በኬንያና በኡጋንዳ ክርስቲያናዊ የሃይማኖት ትምህርት በአገር አቀፍ ደረጃ ይፈተናል። ፈተናው ሲቃረብ መምህሩ የአምስቱንም እርምጃዎች መልስ በማስታወሻ ያጽፋል፤ ተማሪውም «ዛሬ ያለው ሁኔታ» በሚለው ርእስ ሥር ሌላ ሰው ስለ እርሱ ኑሮ የጻፈለትን ያጠናል። ይህ ወደ ቀድሞው የጥያቄና መልስ ልማድ መመለስ ነው፤ ልዩነቱ ርእሶቹ መቀየራቸው ብቻ ነው። ስለዚህ የክፍሉ ኃላፊ የመምህራንን የትምህርት ዝግጅት ሲመለከት ከሁሉ አስቀድሞ የመጀመሪያውን እርምጃ ይመርምር። ማስታወሻው ከተማሪዎቹ አፍ የወጣ ነውን? ካለፈው ዓመት የተገለበጠ ከሆነ የቀሩት አራቱ እርምጃዎች መሠረት የላቸውም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የክፍልን ትምህርት ከቁምስና ትምህርት መለየት ነው። በቫቲካን የካቶሊክ ትምህርት ጉባኤ በ1988 ያወጣው ሰነድ ይህን ለይቶ አስቀምጧል። ትምህርተ ክርስቶስ የሚሰጠው እምነቱን ለተቀበለና በእርሱ ለማደግ ለሚሻ ሰው ነው፤ የሃይማኖት ትምህርት በት/ቤት ሲሰጥ ግን ግቡ ዕውቀትና ማስተዋል ነው። ሁለቱ ይረዳዳሉ እንጂ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። በአንድ ክፍል ካቶሊኩ፣ ኦርቶዶክሱ፣ ፕሮቴስታንቱና ሙስሊሙ አብረው በሚቀመጡበት በእኛ አካባቢ ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው። ተማሪው ነጥብ የሚያገኘው በተረዳው መጠን ነው፤ በእምነቱ ነጥብ አይሰጠውም፣ አይቀነስበትምም።

የአገሮች ሕግም አንድ ዓይነት አይደለም። በኢትዮጵያ በ1995 (እ.ኤ.አ.) የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ስለዚህ ኬንያ ውስጥ በክፍል የሚሠራበት ይህ ዘዴ በኢትዮጵያ ተገቢ ቦታው ቁምስናው፣ የሰንበት ትምህርቱና የወጣቶች ማኅበሩ ነው። በዚያ ደግሞ ፈተና የለምና ዘዴው ሳይበላሽ ሊሠራበት ይችላል።

በክፍሉ መደርደሪያ ላይ ሊኖሩ የሚገባቸው መጻሕፍት ብዙ አይደሉም። ከቅዱስ መጽሐፍ ሌላ በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስና በ2020 የወጣው የትምህርተ ክርስቶስ መመሪያ ያስፈልጋሉ። መመሪያው በ1971 እና በ1997 የወጡትን ተከትሎ የመጣ ሦስተኛው ነው። ስለ ካቶሊክ ት/ቤት ማንነትና ከሌሎች ጋር ስለ መወያየት በ2022 የወጣውን ሰነድም ርእሰ መምህሩ ጭምር ቢያነበው ይጠቅማል። ሌላው ሊታወቅ የሚገባው፣ ግንቦት 2013 ዓ.ም. (በ2021 እ.ኤ.አ.) ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የትምህርተ ክርስቶስ መምህርነት ለምእመናን የሚሰጥ ቋሚ አገልግሎት እንዲሆን መደንገጋቸው ነው። በየገጠሩ ካህን በማይደርስበት ለረጅም ዘመን ሲያስተምሩ ለኖሩት አገልጋዮች ይህ ትልቅ ዕውቅና ነው። የክፍል ኃላፊዎች እነዚህን ሰዎች በሥልጠናቸው ጊዜ ቢጋብዟቸው ከመጽሐፍ የማይገኝ ዕውቀት ያገኛሉ።

ገንዘቡ መጽሐፍ ሁሉ ለመግዛት ባይበቃም ሥራው አይቆምም። አንድ ቅዱስ መጽሐፍ፣ ጠመኔና ሰሌዳ ያለው መምህር ተማሪዎቹን ስለ ኑሯቸው ጠይቆ የሚሉትን በትዕግሥት ካዳመጠ ትምህርቱን ጀምሯል። በመጪው የትምህርት ዘመን እያንዳንዱ ክፍል አንድ ርእስ ብቻ መርጦ አምስቱንም እርምጃ ቢሞክርና መምህራኑ ተሰብስበው ውጤቱን ቢነጋገሩበት መልካም ጅምር ይሆናል እንላለን።