የሥራ አመራር ተማሪዎች ጥናትና የነጋዴው ድርሻ

በየዓመቱ የምረቃው ወራት ሲቃረብ፣ ማኅተም ያረፈበት የትብብር ደብዳቤና ብዙ ገጽ ያለው መጠይቅ የያዘ ተማሪ በአስመጪው ቢሮ፣ በላኪው መጋዘን ወይም በባለሱቁ ደጃፍ መታየቱ የተለመደ ነው። ይህ ሰው በሥራ አመራር ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያጠና ነው፤ ብዙ ጊዜም ቀን በባንክ ወይም በሌላ መሥሪያ ቤት እየሠራ ማታ የሚማር ነው። አንዳንዱ ነጋዴ ደብዳቤውን ተመልክቶ «ነገ ተመለስ» ይለዋል። ሌላው ደግሞ ለጨዋነት ያህል መጠይቁን ተቀብሎ ለጸሐፊው ያስተላልፋል፤ ጸሐፊውም ጥያቄውን ሳያነብ ከላይ እስከ ታች በአንዱ ረድፍ ብቻ ምልክት እያደረገ ሞልቶ ይመልሰዋል። በዚህ ዓይነት የተሰበሰበ መልስ ለተማሪውም ሆነ ለመምህሩ አይረባም፤ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ግን ራሱ ነጋዴው መሆኑ ሲታሰብ አይታይም። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ ምን እንደ ሆነ፣ ተማሪውንስ ማን እንዴት እንደሚመራው መግለጽ ተገቢ ይሆናል።

የአማካሪው መምህር ሥራ

የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል ይፈጃል። ተማሪው በመጀመሪያ የሒሳብ አያያዝን፣ የገበያ ጥናትን፣ የገንዘብ አስተዳደርንና የምርምር ዘዴን በክፍል ይማራል፤ ከዚያም አንድ አማካሪ መምህር ተመድቦለት የመመረቂያ ጽሑፉን ያዘጋጃል። ጽሑፉ እንደ ልማዱ በአምስት ምዕራፎች ይከፈላል። እነርሱም የጥናቱ መነሻ፣ ቀደም ሲል የተጻፉ ጽሑፎች ቅኝት፣ የአጠናኑ ዘዴ፣ የተገኘው ማስረጃና ትንተናው፣ በመጨረሻም መደምደሚያውና የመፍትሔው ሐሳብ ናቸው።

የአማካሪው የመጀመሪያ ተግባር ጥያቄውን ማጥበብ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ተማሪ «የአቅርቦት አስተዳደር በድርጅቶች ውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል አርእስት ይዞ ቢመጣ፣ ጥሩ አማካሪ ወዲያው አይፈቅድለትም። «የየትኛው ዕቃ አቅርቦት? የየትኛው ድርጅት? ውጤትስ ሲባል በምን ይለካል?» እያለ ይመረምረዋል። ከብዙ መመላለስም በኋላ አርእስቱ «ሞጆ ደረቅ ወደብ የደረሰ ኮንቴይነር ከባለቤቱ መጋዘን እስኪገባ ስንት ቀን ይፈጃል? ጊዜውን የሚያራዝመውስ የትኛው እርምጃ ነው?» ወደሚል ጥያቄ ይጠባል። የመጀመሪያው አርእስት ለማንም አስመጪ አይጠቅምም፤ ሁለተኛው ግን ማናቸውም አስመጪ መልሱን ሊያውቅ የሚሻው ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ተግባር ቁጥርን በማስተዋል እንዲያነብ ማስተማር ነው። ተማሪው የአምስት ኮንቴይነሮችን ሰነድ መርምሮ 9፣ 10፣ 11፣ 12 እና 48 ቀን አገኘ እንበል። ድምሩ 90 ስለ ሆነ አማካዩ 18 ቀን ነው። ነገር ግን ከአምስቱ አንዱም እንኳ 18 ቀን የፈጀ የለም፤ አራቱ ከ12 ቀን አላለፉም። በተርታ ሲቀመጡ መካከለኛው ቁጥር 11 ነው። «በአማካይ 18 ቀን ይፈጃል» ብሎ ጽሑፉን የሚዘጋ ተማሪ ስሌቱን አልተሳሳተም፤ ዋናውን ነገር ግን ስቷል። አማካሪው «48ቱ ቀን ከምን መጣ?» ብሎ መልሶ ይልከዋል። ምናልባት በዕቃው ዝርዝር ላይ የተገኘ አንድ ስሕተት ሰነዱን ወደ ባንክ መልሶት ይሆናል፤ ምናልባትም ክፍያው ዘግይቶ ይሆናል። ይህን ማወቅ የሚቻለው በመጻሕፍት ቤት ተቀምጦ ሳይሆን የነጋዴውን ዲክላራሲዮንና ደረሰኝ ከነቀኑ በመመልከት፣ ትራንዚተሩንም በመጠየቅ ነው።

ሦስተኛው ተግባር ተማሪው ሥራውን ራሱ እንዲሠራ መጠበቅ ነው። ለሌላ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ጽሑፍ ማስጻፍ በትምህርት ላይ የሚፈጸም ማታለል ነው። ጽሑፉን ምዕራፍ በምዕራፍ እየተቀበለ የሚያርምና በየጊዜው በቃል የሚጠይቅ አማካሪ ይህን በቀላሉ ይደርስበታል፤ በመጨረሻው ሳምንት ብቻ የሚመለከት ግን ሊደርስበት ያስቸግረዋል። እንዲህ ባለ መንገድ ዲግሪ ያገኘ ሰው ነገ የአንድ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሲቀጠር ጉዳቱ በቀጣሪው ነጋዴ ላይ ይወድቃል።

መጠይቁ የማይደርስበት

ብዙ ተማሪዎች የሚይዙት መጠይቅ ከ«ፈጽሞ አልስማማም» እስከ «እጅግ እስማማለሁ» በአምስት ደረጃ የተከፈለ ነው። ጠንቃቃ አማካሪ አንዱን ሐሳብ በሁለት ተቃራኒ ጥያቄዎች እንዲቀርብ ያደርጋል። «ደንበኞች ዱቤያቸውን በጊዜው ይከፍላሉ» በሚለውም፣ «ደንበኞች ዱቤያቸውን ያዘገያሉ» በሚለውም እኩል የተስማማ ሰው ሳያነብ እንደ ሞላ ይታወቃል።

ሌላም ጉድለት አለ። ስለ ዱቤ ሽያጭ የሚያጠና ተማሪ የሚጠይቀው ዛሬ ክፍት የሆኑትን ሱቆች ነው። በዱቤ ምክንያት ከስረው የዘጉት በመጠይቁ ውስጥ አይገኙም፤ ስለዚህ ውጤቱ ዱቤን ጉዳት የሌለው አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። እነዚያን ሰዎች ፈልጎ የሚያነጋግረው ተማሪ ከየት እንደሚጀምር የሚነግረው ገበያውን የሚያውቅ ሽማግሌ ነጋዴ እንጂ መጽሐፍ አይደለም። ነጋዴውም በዚህ ረገድ ሁለተኛ አማካሪ መሆኑ ይታያል።

በሌላ አገር የታየ ምሳሌ

በአሜሪካ፣ በቺካጎ አጠገብ በነበረው የዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ የሆቶርን ፋብሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1924 የመብራት ብርታት ከሠራተኛው ምርት ጋር ያለውን ግንኙነት የሚመለከት ጥናት ተጀመረ። የተገኘው ውጤት ከመብራቱ ጋር ስላልገጠመ ኩባንያው ምርምሩን ቀጠለ፤ ኋላም ኤልተን ሜዮንና ፍሪትዝ ሮትሊስበርገርን የመሳሰሉ የሃርቫርድ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ሰዎች ተሳተፉበት። ከሃያ ሺህ በላይ ሠራተኞችም ተጠየቁ። በ1939 የጥናቱን ዝርዝር ይዞ የወጣው መጽሐፍ የሮትሊስበርገርና የዊልያም ዲክሰን ሥራ ነው። ከሁለቱ አንዱ መምህር ሲሆን፣ ሌላው የዚያው ኩባንያ ሠራተኛ ነበር። በኋላ የተነሡ ሊቃውንት በአንዳንዱ መደምደሚያ ላይ ብርቱ ትችት ቢያቀርቡም፣ የሠራተኛ አስተዳደር ትምህርት ከዚያ ፋብሪካ ብዙ አግኝቷል። ይህም የሆነው ኩባንያው በሩን ስለ ከፈተና የራሱን ሰው ከመምህራኑ ጋር ስላሰለፈ ነው።

በአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በዚያው አቆጣጠር በ1943 ሲቋቋም፣ የሚያስፈልገው ደብዳቤ የሚጽፍና ሒሳብ የሚይዝ ሰው ነበር። ዛሬ ግን ዩኒቨርሲቲዎች የሚያወጡት የንግዱን ችግር መርምሮ መፍትሔ ያመጣል ተብሎ የሚጠበቅ ሰው ነው። ይህን ሙያ የሚለማመድበት ስፍራ ከሌለው ዲግሪው ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከነጋዴው የሚጠበቀው

በመጀመሪያ፣ ተማሪው ሲመጣ መጠይቁን ከመቀበል አስቀድሞ የጥናቱን ጥያቄ በግማሽ ገጽ ጽፎ እንዲያቀርብ መጠየቅ ይገባል። ይህን ማድረግ ያልቻለ ተማሪ ወደ አማካሪው ቢመለስ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

ሁለተኛ፣ መልሱን የሚሰጠው ሥራውን የሚያውቀው ሰው ይሁን። የመጋዘን ጥያቄ ለመጋዘን ኃላፊው፣ የዱቤ ጥያቄ ለሒሳብ ያዡ መቅረብ አለበት። ከመቶ ምልክት ይልቅ የአንድ ሰዓት ቅን ጭውውት ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ብዙ ነጋዴዎች የሚፈሩት የሒሳባቸው ቁጥር ወደ ግብር ሰብሳቢው ወይም ወደ ተወዳዳሪ እጅ እንዳይገባ ነው። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ የድርጅቱና የደንበኞቹ ስም ተሰውሮ በምልክት ብቻ እንዲጻፍ ከተማሪውና ከአማካሪው ጋር አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ይቻላል። መናገር የማይፈለገውን «ይህን አልናገርም» ማለት የተሻለ ነው፤ ሐሰተኛ ቁጥር መስጠት ግን ሌላውን ነጋዴ ጭምር ያሳስታል።

አራተኛ፣ ውጤቱ ደስ ባያሰኝም እንዲለወጥ መጠየቅ አይገባም። የተደበቀ ችግር ሳይታከም ይቀራል።

አምስተኛ፣ የመመረቂያ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ተጽፈው በመጻሕፍት ቤት መደርደሪያ ላይ ይቀራሉ። ነጋዴው ለሰጠው ጊዜ ዋጋ አድርጎ፣ ተማሪው ከተመረቀ በኋላ ያገኘውን በሁለት ገጽ አማርኛ ጽፎ እንዲያመጣለት ቃል ሊያስገባው ይችላል።

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። ዕቃው ለምን እንደ ዘገየ፣ ዱቤው ለምን እንዳልተመለሰ የማይናገር ነጋዴም መፍትሔው ይቀርበታል። መጪው የምረቃ ወራት ሲደርስ ተማሪው ደብዳቤውን ይዞ መምጣቱ አይቀርም፤ በዚያን ጊዜ አንድ ሰዓትና አንድ እውነተኛ ጥያቄ አዘጋጅቶ የሚጠብቀው ነጋዴ፣ ለሌላ አማካሪ ብዙ ገንዘብ ሊከፍልበት የሚችለውን ምርመራ በዚያች ሰዓት ብቻ ሊያገኝ ይችላል።