በጄኔቭ ጨረታ የወጣው የጃንሆይ የእጅ ሰዓት

በግንቦት ወር 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017) በስዊዘርላንድ ከተማ በጄኔቭ፣ ክሪስቲስ የተባለው ታዋቂ አጫራች ድርጅት አንድ የወርቅ የእጅ ሰዓት 2.9 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ሸጠ። የሰዓቱ ስፋት 37 ሚሊሜትር ገደማ፣ ማለትም ከቡና ሲኒ አፍ ያነሰ ነው። የቀድሞ ባለቤቱ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ።

ውድ አንባቢያን፣ አንድ ሰዓት እንዴት የብዙ ቤቶች ዋጋ ያወጣል ብላችሁ ብትጠይቁ አትሳሳቱም። ወርቁ ተመዝኖ ቢሸጥ ከዚህ ገንዘብ ጥቂቱን እንኳ አያወጣም። ሰዓቱን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1839 የተቋቋመው የጄኔቩ ፓቴክ ፊሊፕ ሲሆን፣ የሰዓቱ ዓይነት 2497 በሚል ቁጥር ይታወቃል። ይህ ዓይነት ከ1950ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ባሉት ዓመታት በሙሉ ተሠርቶ ቁጥሩ ሁለት መቶ እንኳ አልሞላም። የጃንሆይ ደግሞ ፊቱ ጥቁር ነው፤ ይህም እጅግ ብርቅ ያደርገዋል።

ሰዓቱ ባትሪ የሚባል ነገር አያውቅም። በእጅ ይሞላል፣ ሞላው ሲፈታ ጥርሳም መዘውሮቹን ይነዳል። ከላይ በሁለት ትንንሽ መስኮቶች ዕለቱንና ወሩን፣ ከታች ቀኑንና የጨረቃዋን ሁኔታ ያሳያል። ወሩ 30 ይሁን 31፣ የካቲት (የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ) 28 ይሁን 29 ራሱ ለይቶ ያውቃል፤ ለዚህም በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚዞር አካል አለው። እ.ኤ.አ. በ2100 ግን ይሳሳታል፤ ያ ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር 29ኛ ቀን የለውምና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ይህ ሁሉ ብልሃት ጳጉሜን አያውቅም! በእኛ አቆጣጠር ቢሠራ ኖሮ፣ አሥራ ሁለቱም ወሮች 30 ቀን ስለሆኑ፣ ጳጉሜንም በየአራት ዓመቱ ያለማዛነፍ 6 ስለምትሆን፣ መዘውሩ ይቀል ነበር፤ በ2100ም የሚያርመው አያሻውም። ጠዋት አንድ ሰዓት ስንል ግን ጠቋሚው ሰባት ላይ ነው፤ ጃንሆይ ይህን ስሌት በየቀኑ በልባቸው ሳይሠሩ አልቀሩም።

ሰዓቱ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1954 እንደሆነ ተነግሯል። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ንጉሠ ነገሥቱ ስዊዘርላንድን በይፋ ጎብኝተዋል። ከዚያ 18 ዓመት ቀደም ብሎ በዚያችው በጄኔቭ፣ አገራቸው በፋሺስት ኢጣሊያ ተወርራ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው አቤት ያሉት እሳቸው ነበሩ። ያኔ ባዶ እጃቸውን የተመለሱባት ከተማ ናት።

ሆኖም ሽያጩ ሰላማዊ አልነበረም። በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ የባለቤትነት ጥያቄ ስለተነሣ ከጨረታው ወጣ። ጉዳዩ የሚገባው በ1966/67 ዓ.ም. የነበረውን ለሚያስታውስ ሰው ነው። ደርግ ጃንሆይን ከዙፋን አወረደ፣ ንብረታቸውን ወረሰ፣ ልዕልቶቹም እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስ 14 ዓመት ታሰሩ። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የነበረ የእጅ ሰዓት እንዴት ወጣ፣ በማን እጅ አለፈ የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አያስገርምም። ቤቱ ተፈትሾበት፣ የአባቱ ዕቃ ከመሳቢያ ወጥቶ የሄደበት ሰው ከእኛም መካከል ብዙ ነው።

ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ሰዓቱ እንደገና ቀረበና ተሸጠ። ከዋጋው ይልቅ እኔን የቆረቆረኝ ሌላ ነው። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትን፣ ያሁኑን ሙዚየም የጎበኘ ሁሉ የጃንሆይን መኝታ ክፍል አይቷል። አልጋቸው አለ፣ የመታጠቢያ ክፍላቸውም አለ። ማታ ማታ አውልቀው የሚያስቀምጡት ሰዓት ግን እዚያ የለም።