የጃፓኑ አውሬ አሜሪካ ሲገባ

ጅብ ሌሊት ጉረኖ ገብቶ አምስት በግ ፈጀ እንበል። ሲነጋ ወሬው በመንደሩ ይዳረሳል። የበጎቹ ባለቤት ሲያወራው «እረኛው በሩን ሳይዘጋ አድሮ ነው» ብሎ ይጀምራል። ያው ወሬ ከእረኛው አፍ ሲሰማ ግን ጅቡ ትልቅ ነበር፤ ሌሊቱም ጨለማ ነበር፤ ውሻውም ሰነፍ ነው። የበሩ ነገር አይነሣም። ጅቡ ያው ጅብ፣ በጎቹም ያው በጎች ናቸው። የጎደለው በሩ ብቻ ነው።

ዛሬ የምንነግራችሁ የአንድ ፊልም ታሪክ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ፊልም በሸራ ወይም በግድግዳ ላይ እየተንቀሳቀሰ የሚታይ ሥዕል ነው። ተዋንያን ሲጫወቱ በካሜራ ይነሣል፤ አንዴ ከተነሣ በኋላ በየአገሩ እየተወሰደ ይታያል። ይህኛው የተሠራው በጃፓን አገር ነው። ከባሕር ወጥቶ ከተማ ስለሚያፈርስ አውሬ ያወራል። ያልሆነውን ነገር በሳይንስ አስደግፎ እንደሆነ አድርጎ ስለሚተርክ «የሳይንስ ልብ ወለድ» ይባላል። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በእኛ አቆጣጠር ነው።

አውሬው ልብ ወለድ ነው ብለናል። መነሻው ግን እውነት ስለሆነ ከእውነቱ እንጀምር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. የአሜሪካ አውሮፕላን ሂሮሺማ በተባለች የጃፓን ከተማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ጣለ። ከሦስት ቀን በኋላ ናጋሳኪ በምትባለው ከተማ ላይ ሁለተኛው ተጣለ። በሁለቱ ከተሞች በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ሺህ የሚበልጥ ሰው አለቀ። ከእሳቱ ያመለጠውም ቢሆን ገና አልዳነም። ቦምቡ ጨረር የሚባል መርዝ አለው። ጨረር አይታይም፣ አይሸትም፣ አይዳሰስም። ግን ሰውነት ውስጥ ገብቶ ደም ያበላሻል፤ አንዳንዱን ከስንት ዓመት በኋላ ነው የሚጥለው።

ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላ አሜሪካኖች ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ሃይድሮጂን ቦምብ ሠሩ። የካቲት 22 ቀን 1946 ዓ.ም. ቢኪኒ በተባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴት ላይ አንዱን ሞከሩት። ኃይሉ የሂሮሺማውን 1,000 ጊዜ ያህል ሆነ። ሠሪዎቹ ራሳቸው ከገመቱት ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር።

በዚያች ጧት «ዕድለኛው ዘንዶ 5ኛ» የምትባል የጃፓን ጀልባ 23 ዓሣ አጥማጆች ይዛ ባሕር ላይ ነበረች። ርቀቷ ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ካለው መንገድ አያንስም፤ አትግቡ ከተባለውም ክልል ውጭ ነበረች። ሰዎቹ ገና ሳይነጋ ሰማዩ በምዕራብ በኩል ሲበራ አዩ። ፀሐይ በመጥለቂያዋ የወጣች መሰለ። ቆየት ብሎ ነጭ አመድ እንደ ወፍጮ ቤት ዱቄት ይዘንብባቸው ጀመር። ምን እንደሆነ አላወቁም፤ በእጃቸው እየጠረጉ ሥራቸውን ቀጠሉ። ሁሉም ታመሙ። የጀልባይቱ ሬዲዮ ሠራተኛ አይኪቺ ኩቦያማ መስከረም 13 ቀን 1947 ዓ.ም. ሞተ። ያመጡት ዓሣ ገበያ ወጥቶ ስለነበር ሕዝቡ ዓሣ መብላት ፈራ። ለጃፓን ሰው ዓሣ መፍራት ለእኛ ሽሮ እንደ መፍራት ነው።

እንግዲህ ጎጂራ የተባለው ፊልም ለሕዝብ የታየው በዚያው ዓመት ጥቅምት 24 ቀን ነው። በእኛ ልማድ ቢሆን የኩቦያማ አርባ ገና እንደ ወጣ ማለት ነው። የፊልሙ አዘጋጅ ኢሺሮ ሆንዳ ወታደር ሆኖ ቻይና ዘምቶ ነበር፤ ከጦርነቱ ሲመለስ የሂሮሺማን ፍርስራሽ በዓይኑ አይቷል።

አውሬውስ እንዴት ተሠራ? ሰው ነው! ሃሩዎ ናካጂማ የሚባል ተዋናይ እጅግ ከባድ የጎማ ልብስ ለብሶ፣ ከእንጨትና ከጂፕሰም የተሠራች ትንሽ ቶክዮን እየረገጠ ሄደ። በካሜራ ሲነሣ ተራራ የሚያክል አውሬ መሰለ።

ፊልሙ ሲጀምር መርከበኞች በመርከብ ላይ ተቀምጠው ሲጫወቱ ድንገት ብርሃን ይፈነዳል፤ መርከቧም ትሰምጣለች። ይህን ያየ ጃፓናዊ ሁሉ የትኛዋ ጀልባ እንደታሰበች ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ቀጥሎ በባሕር ግርጌ የኖረው አውሬ በሃይድሮጂን ቦምብ ሙከራ ተነሥቶ ይመጣል፤ የረገጠው ቦታ ሁሉ በጨረር ይመረዛል። መድፍም አውሮፕላንም አይመልሰውም። ቶክዮ ስትቃጠል አንዲት እናት ልጆቿን አቅፋ፣ አሁን ወደ አባታችሁ እንሄዳለን እያለች ታጽናናቸዋለች። አባት የሞተ ነው። በመጨረሻ ሴሪዛዋ የሚባል ሊቅ የፈጠረው መሣሪያ አውሬውን ይገድላል። ሴሪዛዋ ግን መሣሪያው በክፉ ሰው እጅ ይወድቃል ብሎ ስለፈራ ወረቀቶቹን አቃጥሎ፣ ራሱም ከአውሬው ጋር ባሕር ውስጥ ይቀራል። ታዲያ አውሬው ሞተ ተብሎ ደስታ ሲሆን አንድ ሽማግሌ መምህር ደስ አይለውም። የቦምቡ ሙከራ ካልቆመ ሌላ ጎጂራ ይመጣል ይላል። ፊልሙ «አሜሪካ» ብሎ በስም አልጠራም። በሩን ግን አሳይቷል።

በ1948 ዓ.ም. ይህ ፊልም አሜሪካ ገባ። የገዙት ነጋዴዎች እንዳለ አላሳዩትም። ስሙን «ጎድዚላ» አሉት። 96 ደቂቃ የነበረውን ቆራርጠው፣ ሬይመንድ በር የተባለ አሜሪካዊ ተዋናይ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንሥተው መሐል መሐሉ ላይ ሰፉበትና 80 ደቂቃ አደረጉት። ሰውየው ለዚህ ሥራ ቶክዮን ሳይረግጥ ቶክዮ ቆሞ ጥፋቱን እንደሚያይ ጋዜጠኛ ሆነ። ቦምቡ አውሬውን ቀሰቀሰው የሚለው ነገር ጨርሶ ባይጠፋም እንደ ዋዛ ተነግሮ ያልፋል። ከናጋሳኪ ቦምብ ተርፌ መጣሁ የምትል አንዲት ሴት ባቡር ውስጥ ስትነጋገር የሚታይበት ቦታ ወጣ። የሽማግሌው ማስጠንቀቂያም ወጣና በምትኩ ዓለም ከእንግዲህ በሰላም ይኖራል የሚል መጨረሻ ገባ።

ለነጋዴዎቹ እውነቱን እንናገርላቸው። ጦርነቱ ካበቃ ገና 11 ዓመት ነበር። ፊቱ ሁሉ ጃፓናዊ የሆነ ፊልም ብናቀርብ ማን ይገዛናል ብለው ነው። አውሬው በዓለም ላይ የታወቀውም በእነሱ ቅጂ ነው። ቢሆንም የአሜሪካ ሕዝብ ያልተቆረጠውን ፊልም በየሲኒማ ቤቱ ለማየት እስከ 1996 ዓ.ም. ጠበቀ።

በ1990 ዓ.ም. ሆሊውድ፣ ማለትም የአሜሪካ ፊልም ሠሪዎች ሰፈር፣ ታሪኩን እንደ አዲስ ሠራው። አዘጋጁ ሮላንድ ኤመሪክ ነበር። ይህ ሩጫና ተኩስ የበዛበት ፊልም ነው። አውሬው ኒው ዮርክ ገብቶ ሕንፃ ለሕንፃ ይሯሯጣል፤ እንቁላል ይጥላል። በሩንስ ማን ከፈተው? ፈረንሳዮች! በደቡብ ፓስፊክ ቦምብ ሲሞክሩ ነው ተባለ። ፈረንሳይ በዚያ ባሕር ከ1958 እስከ 1988 ዓ.ም. ቦምብ መሞከሯ ሐሰት አይደለም። ግን እረኛው የራሱን በር ትቶ የጎረቤቱን እረኛ በር ሲያሳይ ምን ትሉታላችሁ? ደግሞ ይህኛው አውሬ በአውሮፕላን ሚሳይል ይሞታል። የተኩስ ፊልም ተኩሶ የማይገድለው ጠላት አይወድም። ጃፓኖች ተናደው ሊሆን ይችላል፤ በ1997 ዓ.ም. በሠሩት ፊልም የራሳቸው ጎጂራ ይህን አሜሪካዊ አውሬ ከዓይን ጥቅሻ በማይበልጥ ጊዜ ድል ሲያደርገው አሳይተዋል። በዚህ ስቀናል።

የ2006 ዓ.ም. የሆሊውድ ፊልም ከሁሉ ይልቅ አስገርሞናል። በእሱ ታሪክ አሜሪካኖች በፓስፊክ ቦምብ ያፈነዱት ለሙከራ አይደለም፤ አውሬውን ለመግደል ነው። አሁን እንግዲህ በሩን ክፍት የተወው እረኛ ጅብ አዳኝ ሆነ ማለት ነው። በዚሁ ፊልም ውስጥ ግን አንድ ጃፓናዊ ሊቅ የአባቱን የኪስ ሰዓት አውጥቶ ለአሜሪካዊው አዛዥ ያሳየዋል። ሰዓቱ ቆሟል። የቆመውም በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 2 ሰዓት ከ15 ላይ፣ ሂሮሺማ በተመታችበት ደቂቃ ነው። ይህን ማን እንደጨመረው እናመሰግነዋለን።

የጃፓኑስ ፊልም ሁሉን ተናግሯል? አልተናገረም። የቢኪኒ ነዋሪዎች ለዚህ ሙከራ ሲባል በ1938 ዓ.ም. ከአገራቸው እንዲወጡ ተደርገዋል። የካቲት 22 የዘነበው አመድ ሮንጌላፕ በተባለችው ደሴት ሰዎች ላይም ወርዷል፤ ልጆች ተጫውተውበታል። ስለ እነሱ በፊልሙ ውስጥ አንድም ቃል የለም። ፊልም የሚሠራበት ገንዘብም ሰፈርም አልነበራቸውም።

«ዕድለኛው ዘንዶ 5ኛ» አርጅታ ቶክዮ ውስጥ ቆሻሻ በሚደፋበት ቦታ ተጥላ ነበር። የከተማው ሰዎች ትዳን ብለው ተሰበሰቡ፤ ገንዘብም አዋጡ። ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው ሰፈር ቤት ተሠርቶላት ከነእንጨቷ ቆማለች። ማንም ሰው ገብቶ ያያታል።