ከእግር በታች የተነጠፈ ሙያ

 

በዚህ እትማችን ስለ ምንጣፍ እንጽፋለን። «በየቀኑ ስንጠርገው የምንውለውን ደግሞ በጽሑፍም ልናነበው ነው?» የምትሉን አትጠፉም። እስከ መጨረሻው ታገሡን። ነገሩ የምንጣፍ ብቻ አይደለም፤ የእናቶቻችንም ነው።

እዚሁ ሱራ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እህታችን ባለፈው ዓርብ ከጸሎት በኋላ ለብቻዋ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘናት። ምን እንደሆነች ብንጠይቃት እንዲህ ስትል አጫወተችን። በዲዋኒያው ውስጥ ቀይና ጥቁር መልክ ያለው አሮጌ ምንጣፍ ነበር። እንግዳ ሻይ ደፋበት። እርሷም እድፉ ሳይደርቅ ላስለቅቀው ብላ በረኪና በሙቅ ውኃ በጥብጣ አሸችው። ቀዩ ቀለም ወደ ነጩ ፈሰሰ፣ ሱፉም ተጨማደደ። ማዳሟ ባየች ጊዜ አልጮኸችም፤ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ምንጣፉን በእጃቸው የሠሩት ሟች አያቷ ነበሩ።

«ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር» አለችን እህታችን። «ግን ሱፍ መሆኑን ማን ነገረኝ?»

ይህች እህታችን የመንዝ ልጅ ናት። ያደገችው እናቷ በእንዝርት ፈትላ፣ የሰፈሩ ሸማኔ የሠራውን ዝተት ለብሳ ነው። «የቤታችሁ ዝተት ከምን ነበር የሚሠራው?» ስንላት ዝም አለች። ቆይታም «እርሱማ የድህነት ልብስ ነው፤ እንደዚህ የሚከበር ነገር መሆኑን በምን አውቄ?» አለች። ይህ ቃሏ ከአእምሮአችን አልወጣም። የዚህን ጽሑፍ ነገር ያነሣነውም ስለዚህ ነው።

የሳዱ ቤት

በኩዌት ከተማ፣ በባሕሩ ዳር በሚሄደው ትልቅ መንገድ ላይ፣ ከብሔራዊ ሙዚየሙ አጠገብ «ቤት አል-ሳዱ» የሚባል ግቢ አለ። ሳዱ የበደዊን ሴቶች መሬት ላይ በተዘረጋ መሥሪያ ከበግ ሱፍ፣ ከፍየልና ከግመል ጠጉር የሚሠሩት ሽመና ነው። በብርዱ ወራት አሠሪዎቻችን ወደ በረሃ ወጥተው ድንኳን ሲተክሉ አብረን የሄድን ሁሉ መልኩን እናውቀዋለን። በትራሱ፣ በመከዳው፣ በድንኳኑ ግድግዳ ላይ ያለው በቀይ መደብ ጥቁርና ነጭ የተደረደረበት ጥለት ነው። ዛሬ በገበያ የሚሸጠው አብዛኛው በመኪና የተሠራ ነው፤ ጥለቱ ግን ከእነዚያ ሴቶች እጅ የመጣ ነው።

ነዳጅ ከመገኘቱ በፊት የበደዊን ቤት የሚባለው ሴቲቱ የሸመነችው ድንኳን ነበር። የወንዱንና የሴቱን ክፍል የሚለየው መጋረጃ፣ የግመሉ ኮርቻ ከረጢት፣ መኝታውና ምንጣፉ ሁሉ ከእጇ ይወጣል። የድንኳኑ ጣሪያ ከፍየል ጠጉር የሚሠራበት ምክንያት አለው። ጠጉሩ ዝናብ ሲነካው ያብጥና ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ሲደርቅ ደግሞ ተመልሶ አየር ያስገባል።

የነዳጁ ገንዘብ መጥቶ ሰዉ በሲሚንቶ ቤት ሲገባ ድንኳኑ አላስፈለገም፤ ሽመናውም ቀረ። ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ፣ አሮጊቶቹ አንድ በአንድ አለፉ። ሙያው አብሮ እንዳይቀበር የሰጉ የአገሩ ሰዎች በ1980 (እ.ኤ.አ.) የሳዱን ቤት አቋቋሙ። የሚያውቁትን አሮጊቶች ፈልገው ሰበሰቡ፣ የጥለቶቹን ስም መዘገቡ፣ ለወጣቶች ማስተማር ጀመሩ። በታኅሣሥ 2020 (እ.ኤ.አ.) ዩኔስኮ ሳዱን የኩዌትና የሳዑዲ ዓረቢያ ቅርስ አድርጎ በዓለም መዝገብ ላይ አሰፈረው። ትናንት የበረሃ ሴቶች የጓዳ ሥራ የነበረው ዛሬ በመስታወት ውስጥ ተቀምጦ የሚጎበኝ ሆነ።

ተማሪዎቹ ምን ይማራሉ?

የድሮዋ ሸማኔ ወረቀትና እርሳስ አልነበራትም። ጥለቱ ያለው በጭንቅላቷና በጣቷ ጫፍ ነበር። አራት ችካል መሬት ላይ ትተክላለች፣ ድሩን በችካሎቹ መካከል ትዘረጋለች፣ እርሷም መሬት ላይ ተቀምጣ ትሠራለች። ነጭና ጥቁር ድር ጎን ለጎን ይሆናል። በእያንዳንዱ መስመር የትኛው ክር ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ የትኛው ከሥር እንደሚቀር እየቆጠረች በጣቷ ትለቅማለች፤ ከዚያ ማጉን ታሳልፍና በሜዳ ፍየል ቀንድ ታጠብቃለች። አንድ ክር ከተሳሳተች ጥለቱ ሁሉ ይዛባል። የጥለቶቹም ስም ከኑሮዋ የተወሰደ ነው። አንዱ «የፈረስ ጥርስ»፣ አንዱ «የእህል ፍሬ»፣ ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ «ዛፍ» ይባላል። በዚህ በዛፉ ውስጥ ግመሉን፣ መቀሱን፣ ማበጠሪያውን፣ የዕጣን ማጨሻውን ሁሉ ታስገባለች።

ዛሬ የሽመና ንድፍ የሚማር ወጣት ይህንኑ ነገር በሌላ መንገድ ይጀምራል። በመጀመሪያ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት ይሰጠዋል። እያንዳንዷ ትንሽ ሳጥን አንድ ክር ወይም አንድ ቋጠሮ ናት። ተማሪው ሳጥኖቹን በቀለም ይሞላል፤ ወረቀቱም እንደ ዜማ ምልክት ይሆንለታል፤ ሸማኔው እያየ ይሠራል። ቀጥሎ የሱፉን ቀለም ይመርጣል፣ መዳፍ የምታህል ናሙና ይሠራል፣ ያስተካክላል፣ ከዚያ በኋላ ወደ ዋናው ይገባል።

ይህ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። በቋጠሮ የሚሠራ ምንጣፍ በ10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት 40 ቋጠሮ፣ በወርዱም እንዲሁ 40 ቢኖረው አንድ ካሬ ሜትር ብቻ 160,000 ቋጠሮ ይሆናል። እያንዳንዱ ቋጠሮ በጣት ነው የሚታሰረው። ትልቅ ምንጣፍ ወራት የሚፈጀው፣ ዋጋውም የሚከብደው ለዚህ ነው።

በግብጽ፣ ከፒራሚዶቹ ብዙ በማይርቅ ሐራኒያ በሚባል መንደር ደግሞ ሌላ ዓይነት ትምህርት ቤት አለ። ራምሲስ ዊሳ ዋሴፍ የሚባሉ የቅብጥ ክርስቲያን የሆኑ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የመንደሩን የገበሬ ልጆች ሰብስበው የሱፍ ሽመና አስጀመሯቸው። ሕጋቸው ጥቂት ነበር፤ አስቀድሞ በወረቀት መንደፍ የለም፣ የሌላ ሰው ሥራ መገልበጥ የለም፣ ትልቅ ሰው ገብቶ አያርምም። ልጆቹ የሚያውቁትን ዛፍ፣ ወፍ፣ የዓባይን ዳር፣ የመንደራቸውን ሠርግ በቀጥታ ከልባቸው ወደ ድሩ አወረዱት። ቀለሙንም ከዕፅዋት ያወጡ ነበር። ሥራቸው በአውሮፓ ታላላቅ ከተሞች ታየ፤ የሥራ ማእከላቸውም በ1983 (እ.ኤ.አ.) የአጋ ኻን የሕንፃ ጥበብ ሽልማት ተሰጠው። ልጆቹን ያስተማሩት ሰው አንድ ነገር አምነው ነበር፤ የገበሬ ልጅ እጅ ባዶ አይደለም።

የእኛስ?

እኛም ከባዶ አገር አልመጣንም። መንዝ ብርድ ነው፤ በጉም ጠጉራም ነው። ጠጉሩ ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ በደጋን ይነደፋል፤ ሴቶቹ በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ወንዶቹ ይሸምኑታል። ከዚያ ባና ይወጣል፣ ዝተት ይወጣል፣ ሽማግሌው የሚደርበው ጥቁር በርኖስ ይወጣል። ደብረ ብርሃን በሱፍ ምንጣፏ የታወቀች ናት፤ የሱፍና የብርድ ልብስ ፋብሪካዋም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ወጣቶች የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስናና የልብስ ንድፍ በዲግሪ ይማራሉ። ትምህርቱ በባሕር ዳር የተጀመረው በ1955 ዓ.ም. በተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ነበር።

አንድ የሚያስገርም ነገር እንጨምርላችሁ። እዚህ ለግብዣ የምንቀቅለው፣ ማዳሞቻችን ከሌላው ሁሉ የሚመርጡት ናዒሚ በግ በእኛ አገር የግብርና ባለሙያዎች ዘንድ አዋሲ በሚለው ስሙ ይታወቃል። ይህ በግ ወደ ደብረ ብርሃን ተወስዶ ከመንዝ በግ ጋር እንዲዳቀል ተደርጓል። የተፈለገው ሥጋውም ሱፉም እንዲሻሻል ነው። እኛ ወደዚህ ስንመጣ የዚህ በግ ዘር ወደ እኛ ሄዷል ማለት ነው።

ታዲያ እህታችን ለምን «የድህነት ልብስ» አለችው? ያስተማርናት እኛው ነን። በአገራችን የሚሸምን «ሸማኔ»፣ የሚቀጠቅጥ «ጠይብ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ በአዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ ደርሶ ነበር። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ከልባችን ቶሎ አልወጣም። ስለዚህ ልጅ ከእናቷ እንዝርት ትሸሻለች። «ምን ሙያ አለሽ?» ስትባልም «ምንም» ትላለች።

ቅዱስ መጽሐፍ ግን እንዲህ አያይም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 35 የመገናኛው ድንኳን ሲሠራ ልባቸው በጥበብ የተነሣሣ ሴቶች በእጃቸው ፈትለው ሰማያዊውን፣ ሐምራዊውን፣ ቀዩን ክር እንዳመጡ፣ የፍየል ጠጉርም እንደፈተሉ ተጽፏል። የእግዚአብሔር ማደሪያ በሴቶች ፈትል ተሸፈነ። በምሳሌ መጽሐፍ ምዕራፍ 31 የተመሰገነችውም ሴት እጇ ከእንዝርት አልራቀም። እመቤታችንንም መልአኩ ባበሠራት ጊዜ ፈትል ይዛ እንደነበር አባቶቻችን ያስተምሩናል፤ በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕሎች ላይም እንዝርቷን ይዛ እናያታለን። እንዝርት የሚያሳፍር ቢሆን ኖሮ እርሷ ባልያዘችው ነበር።

ሱፍ ምንጣፍ ሲገጥማችሁ

በእህታችን የደረሰው በሌላዋ እንዳይደርስ ይህን ልብ በሉ።

1. አስቀድማችሁ ጠይቁ። ምንጣፉ ሱፍ ነው ወይስ ናይለን? ከዘርፉ የወደቀ አንድ ክር ካገኛችሁ፣ ማዳሟን አስፈቅዳችሁ፣ በዕቃ ማጠቢያው ላይ በክብሪት ለኩሱት። ሱፍ እንደ ተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ አመዱም ይፈረካከሳል። ናይለን ግን ቀልጦ እንደ ዶቃ ይድቦለቦላል።

2. በረኪና በሱፍ ላይ በፍጹም አታድርጉ። ሱፍ እንደ ጸጉራችን ነው፤ በረኪና ይበላዋል። ሙቅ ውኃና ማሸትም ያጨማድደዋል።

3. ሻይ ወይም ቡና ሲፈስ አትሹት። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ እየተጫናችሁ አስመጥጡት። ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ ላይ ጥቂት ነጭ ኮምጣጤ ጨምራችሁ፣ ጨርቁን በእርሱ አርሳችሁ እንደገና ተጫኑት። አስቀድማችሁ ግን በማይታይ ማዕዘን ሞክሩት፤ ጨርቁ ላይ ቀለም ከወጣ ተዉት፣ ለባለቤቷም ንገሯት።

4. በረኪናና ኮምጣጤ ወይም የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አንድ ላይ አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፤ ሰውም ሊገድል ይችላል።

5. የረጠበ ሱፍ አትጠቅልሉ። በጥላ፣ ነፋስ ባለበት ዘርግታችሁ አድርቁት።

ከዚህ በኋላ

ያች እህታችን ያን ዕለት ማታ ለእናቷ ደወለች። ስለ በረኪናው አልነገረቻቸውም። «እማዬ፣ ሱፉን ስትፈትዪ በመጀመሪያ ምን ታደርጊዋለሽ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እናቷም ስቀው «ዓረብ አገር ሄደሽ ስለ በግ ጠጉር ትጠይቂኛለሽ?» አሏት። ከዚያ ግን ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ አስረዷት። በማግሥቱ ለማዳሟ ባላት ዓረብኛ «የእኔም እናት እንደ አያትሽ ናት» አለቻት። ማዳሟም ምንጣፉን አመጣችና አጠገቧ ዘረጋችው። የፈሰሰው ቀለም አልተመለሰም፤ ግን ሁለቱ አብረው ጥለቱን ሲቆጥሩ ቆዩ።

እህቶቻችን፣ የኩዌት ሰዎች የሳዱን ቤት ሲያቋቁሙ የሚያውቁት አሮጊቶች ገና በሕይወት ነበሩ። የእኛም እናቶች በሕይወት አሉ። ስትደውሉ ስለ ገንዘቡና ስለ ጤናው ከጠየቃችሁ በኋላ አምስት ደቂቃ ለሙያቸው ስጡ። እንዴት እንደሚነድፉት፣ ቀለሙን ከምን እንደሚያወጡት፣ የጥለቱን ስም ማን እንዳወጣው ጠይቋቸው። በስልካችሁ ቅዱት፣ ወይም በደብተር ጻፉት። አገር ስትገቡ ልትሠሩበት የምትችሉት ሙያ ይሆናል፤ ባትሠሩበትም ለልጆቻችሁ የምትነግሩት አይጠፋም።

የዕረፍት ቀን የምታገኙም፣ የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ፣ የሳዱን ቤት ሄዳችሁ እዩ። ስትገቡ አንገታችሁን አትድፉ። በመስታወቱ ውስጥ የምታዩትን እንዝርት ከሌላው ጎብኚ ይልቅ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ለሚቀጥለው እትም ቸር ያቆየን። አሜን።