ከርዳታ ባሻገር፤ ዓለም አቀፍ ድርጅቶችና የአገሮች የኑሮ ልዩነት

እ.ኤ.አ. በ1944 የዓለም ባንክንና የዓለም የገንዘብ ድርጅትን (አይኤምኤፍን) ለማቋቋም 44 አገሮች አሜሪካ፣ ብሬተን ውድስ ላይ ሲመክሩ፣ ከአፍሪካ የተወከሉት ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ላይቤሪያና ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበሩ። የቀረው አህጉር በአብዛኛው በቅኝ ግዛት ሥር ስለነበር ደንቡ ሲረቀቅ ድምፅ አልነበረውም። ዛሬ ድርጅቶቹ የአገሮችን ልዩነት በማጥበብ ረገድ የሠሩትንም ያጎደሉትንም ስንመዝን ይህን መነሻ መዘንጋት አይገባም።

የሠሩት ብዙ ነው። በ1960 የተመሠረተው የዓለም ባንክ ክንፍ፣ ዓለም አቀፉ የልማት ማኅበር፣ ለድሃ አገሮች በአነስተኛ ወለድ ያበድራል፤ ያለ ክፍያም ይለግሳል። በኢትዮጵያ በ2005 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከሚደገፍባቸው ምንጮች አንዱ ይህ ማኅበር ነው። በ1996 የተጀመረው የዕዳ ቅነሳ ፕሮግራም ደግሞ ለ37 አገሮች በቢሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ዕዳ አቃልሏል። በጤናው መስክ፣ በ2000 የተቋቋመው የክትባት ጥምረት ጋቪ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሕፃናት እንዲከተቡ አግዟል። ድሃ አገሮች በተናጠል ሊገዙት የማይችሉት ክትባት፣ ጋቪ ፍላጎታቸውን አሰባስቦ ከአምራቾች ጋር በመደራደሩ ዋጋው ቀንሷል።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው ውሳኔ ላይ ነው። በአይኤምኤፍ የአንድ አገር ድምፅ በዋናነት የሚለካው በኮታው፣ ማለትም በሚመደብለት የገንዘብ መዋጮ ድርሻ ነው። ዋና ዋና ውሳኔዎች 85 በመቶ ድምፅ ስለሚጠይቁ፣ ከ16 በመቶ በላይ የያዘችው አሜሪካ ብቻዋን ልታግዳቸው ትችላለች። በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት፣ በነሐሴ 2021፣ ድርጅቱ 650 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ልዩ መጠባበቂያ በኮታ መጠን ሲያከፋፍል ለመላው አፍሪካ የደረሰው 33 ቢሊዮን ገደማ ነበር። የቸገረው ሳይሆን ኮታ ያለው በለጠ።

የዕዳ ሽግሽግም ይጓተታል። ኢትዮጵያ ዕዳዋ በቡድን 20 (የትልልቅ ኢኮኖሚዎች መድረክ) የዕዳ ሽግሽግ የጋራ ማዕቀፍ እንዲታይላት የጠየቀችው በ2021 መጀመሪያ ነው፤ ከመንግሥታት አበዳሪዎች ጋር በመርህ ደረጃ የተስማማችው ግን በ2025 ነው። በመዘግየቱ የሚጎዳው ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የሚጠብቀው ሕዝብ ነው።

የለውጥ ጅምር አለ። የአፍሪካ ኅብረት በ2023 የቡድን 20 አባል ሆነ፤ በ2024 በአይኤምኤፍ ቦርድ ከሰሃራ በታች ላሉ አገሮች ሦስተኛ ወንበር ተጨመረ። የአፍሪካ አገሮች የገፉበት የተባበሩት መንግሥታት የግብር ስምምነትም ድርድር ላይ ነው። ወንበር መጨመሩ ግን የድምፅ ድርሻን አያሳድግም። ብድርና ክትባት ሕይወት ያድናሉ፤ ልዩነቱ በዘላቂነት የሚጠብበው ግን የኮታው ቀመር ሲሻሻልና ተበዳሪው አገር በሚበደርበት ደንብ ላይ እኩል ሲወስን ነው።