በ22 ዓመት የተጻፈ አንድ ገጽ

678 መነኮሳይያት አንጎላቸውን ለዩኒቨርሲቲ ምርመራ የሰጡበት ታሪክ

አንባብያን ሆይ! ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ትምህርታችሁን ገና ያልጨረሳችሁ፣ ወይም በቅርቡ የመንግሥት ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች ናችሁ። ስለዚህ የእርጅና ነገር ሲነሣ ያለጊዜው የመጣ ወሬ ሊመስላችሁ ይችላል። «እርጅና ብቻህን ና» እያለ የሚመኘው ሽማግሌ ነው እንጂ ተማሪ አይደለም። ዳሩ ግን ከዚህ በታች የምታነቡት ታሪክ መነሻው በእናንተ ዕድሜ የነበሩ ልጃገረዶች የጻፉት ወረቀት ነው። ሰው በ22 ዓመቱ የጻፈው አንድ ገጽ በ80 ዓመቱ ስለሚያገኘው ነገር አስቀድሞ ሊያመለክት ይችላልን? ሊቃውንት ይህን ጥያቄ ከልባቸው ጠይቀውታል፤ ለመመርመርም የቻሉት 678 መነኮሳይያት ከሞታቸው በኋላ አንጎላቸው ይወሰድ ዘንድ ስለ ፈቀዱላቸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጃጀት ወይስ በሽታ?

ማንም ሰው ይረሳል። ቁልፉን የት እንዳኖረ የዘነጋ ጸሐፊ ወይም የፈተናውን ቀን የተሳሳተ ተማሪ በሽተኛ አይባልም። ነገር ግን አንዲት አዛውንት ወጥ ከጣዱ በኋላ መጣዳቸውን ቢረሱ፣ ሃምሳ ዓመት ከተመላለሱበት ቤተ ክርስቲያን ወደ ቤታቸው የሚወስደው መንገድ ቢጠፋባቸው፣ የገዛ ልጃቸውንም «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ቢሉት ነገሩ ሌላ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ «ጃጁ» ብለን እናልፈዋለን። ሐኪሞች ግን ይህ የዕድሜ ጠባይ ሳይሆን በሽታ መሆኑን ያስረዳሉ። እንዲህ ያለውን መርሳት ከሚያመጡት በሽታዎች ሁሉ የበዛውም አልዛይመር የሚባለው ነው።

ስሙ የመጣው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። በ1901 አውጉስተ የምትባል የ51 ዓመት ሴት እርሱ ይሠራበት በነበረው በፍራንክፈርት ከተማ ሆስፒታል ገባች። ስሟን ሲጠይቃት «አውጉስተ» አለችው፤ የባሏን ስም ሲጠይቃትም መልሳ «አውጉስተ» አለች። ሐኪሙ በኋላ ወደ ሙኒክ ቢዛወርም ይህችን በሽተኛ አልዘነጋትም። በ1906 በሞተች ጊዜ አንጎሏን አስመጥቶ በስሱ እየቆረጠ፣ ከብር በተዘጋጀ ማቅለሚያም እየነከረ በማይክሮስኮፕ ተመለከተው። ያን ጊዜ ሁለት ነገር አየ። አንደኛው በአንጎል ሴሎች መካከል የተከማቸ ዝቃጭ ነው፤ ሁለተኛው በሴሎቹ ውስጥ እንደ ተተበተበ ፈትል የተጠቀለለ ክር ነው። ዛሬ ዝቃጩ አሚሎይድ ከሚባል ፕሮቲን፣ ክሩም ታው ከሚባል ፕሮቲን መሆኑ ታውቋል።

እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ይመስላል። ዝቃጩና ክሩ የበዛበት ሰው ይረሳል፤ ያልበዛበት አይረሳም ያሰኛል። መነኮሳይያቱ ያስተማሩት ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ ነው።

ሊቁ ወደ ገዳም ለምን ሄደ?

የበሽታን ምክንያት በሕዝብ መካከል ለሚፈልግ ሊቅ ትልቁ ችግር የሰው ኑሮ አለመመሳሰሉ ነው። አንዱ ያጨሳል፣ ሌላው አያጨስም። አንዱ ጠግቦ ያድራል፣ ሌላው ጦሙን ያድራል። አንዱ በታመመ ቀን ሐኪም ያገኛል፣ ሌላው አያገኝም። ታዲያ ከሁለቱ አንዱ በ80 ዓመቱ ልጆቹን መለየት ቢያቅተው ምክንያቱ ምግቡ ይሁን ትንባሆው፣ ድህነቱ ይሁን የትምህርቱ ማነስ፣ ማን ለይቶ ሊናገር ይችላል?

በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዶክቶር ዴቪድ ስኖውደን መላ ያገኘው በ1986 በማንካቶ ከተማ ወደሚገኘው የኖትር ዳም መምህራት እኅቶች ገዳም በሄደ ጊዜ ነው። እነዚህ ካቶሊካውያን መነኮሳይያት ከአንድ ማእድ ይበላሉ፤ አኗኗራቸው አንድ ዓይነት ነው፤ አያገቡም፣ አይወልዱም፣ አያጨሱም፤ ሲታመሙ የሚያገኙትም ሕክምና ተመሳሳይ ነው። ከዚህም ሌላ የያንዳንዳቸው ታሪክ ከገቡበት ጊዜ ጀምሮ በማኅበሩ መዝገብ ቤት ተጠብቆ ይኖራል። በ1990 ሊቁ ወደ ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ጥናቱም አብሮት ሄደ፤ በአሜሪካን አገር ወዳሉት ሌሎች የማኅበሩ ገዳማትም ሰፋ።

ከእኅቶች የተጠየቀው ነገር ቀላል አልነበረም። በየዓመቱ የአእምሮና የአካል ፈተና እንዲቀበሉ፣ የግል መዝገባቸው እንዲነበብ፣ ከሞቱም በኋላ አንጎላቸው ወጥቶ እንዲመረመር ነበር የተጠየቁት። ዕድሜያቸው 75 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው እኅቶች መካከል ከሦስቱ ሁለቱ ያህል እሺ አሉ። ቁጥራቸውም 678 ሆነ። አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን በአስተማሪነት የፈጸሙ ነበሩ፤ ስለዚህ ለወጣቶች ሐኪሞች የመጨረሻ ትምህርት ትተው ሄዱ ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከመዝገብ ቤት የወጣው ወረቀት

በ1930 የማኅበሩ አለቃ ለመመንኮስ የተዘጋጁት ልጃገረዶች ሁሉ የሕይወታቸውን ታሪክ በአንድ ወረቀት ላይ አሳጥረው እንዲጽፉ አዝዘው ነበር። የትውልድ አገራቸውን፣ ወላጆቻቸውን፣ የተማሩበትን ትምህርት ቤትና ወደ ገዳም ያመጣቸውን ምክንያት ከ200 እስከ 300 በሚሆኑ ቃላት መጻፍ ነበረባቸው። ወረቀቱ ተጻፈ፣ በመዝገብ ውስጥም ገባ፣ ተረሳም። ከስድሳ ዓመት ያህል በኋላ ሊቃውንቱ መዝገቡን ሲከፍቱ በገዛ እጃቸው የጻፉት የ93 እኅቶች ታሪክ ተገኘ። በጻፉበት ጊዜ ዕድሜያቸው በአማካይ 22 ዓመት ነበር።

በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋና የአእምሮ ሊቅ የሆነችው ሱዛን ኬምፐር ጽሑፉን መረመረች። የመዘነችው የእጅ ጽሕፈቱን ውበት አልነበረም፤ በያንዳንዱ አሥር ቃል ውስጥ ስንት ሐሳብ እንደ ታጨቀ ቆጠረች እንጂ። ነገሩ እንዲገባችሁ በራሳችን ቋንቋ ምሳሌ እንስጥ። አንዱ ተማሪ «በገጠር ተወለድኩ። ትምህርት ቤት ገባሁ። ትምህርቱን ወደድኩት።» ብሎ ይጽፋል። ሌላው ደግሞ «ገጠር ተወልጄ፣ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ከታላቅ እኅቴ ፊደል ቆጥሬ፣ ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ መምህሩን ያስደነቅሁት ከመልሴ ይልቅ በጥያቄዬ ነበር» ይላል። ሁለቱም ስለ አንድ ነገር ተናግረዋል፤ በሁለተኛው ውስጥ ግን ሐሳብ በሐሳብ ላይ ተደራርቦ እርስ በርሱ ተያይዟል።

ውጤቱ በ1996 በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ታትሞ ሲወጣ ብዙ ሰው አስደነቀ። ከ58 ዓመት ያህል በኋላ በተደረገው ፈተና ጽሑፋቸው በሐሳብ የሳሳባቸው እኅቶች የማስታወስና የማሰብ ችሎታቸው ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። በዚያን ጊዜ ሞተው አንጎላቸው ከተመረመረው 14 እኅቶች መካከልም የአልዛይመር ምልክት የተረጋገጠው ጽሑፋቸው በሳሳባቸው ሁሉ ላይ ነበር፤ ጽሑፋቸው በዳበረው ግን በአንዷም ላይ አልታየም።

ፍርድ ነውን?

እዚህ ላይ አንባቢ የጥንት ደብተሩን አውጥቶ እንዳይደነግጥ እንለምናለን። 14 ሰው ጥቂት ነው፤ ውጤቱም የሚናገረው ስለ ብዙዎች አንድነት እንጂ ስለ አንድ ሰው ዕጣ አይደለም። ትርጕሙም ሁለት ሊሆን ይችላል። አንደኛው በወጣትነት በንባብና በማሰብ የዳበረ አንጎል እንደ ሞላ ጎተራ ነው፤ በሽታው ቢዘርፈውም ቶሎ አይራቆትም የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ የበሽታው ሥር ገና በወጣትነት ይተከልና የጽሑፉ መሳሳት የእርሱ የመጀመሪያ ምልክት ይሆናል የሚል ነው። ዝቃጩ መከማቸት የሚጀምረው መርሳት ከመታየቱ ከ15 እስከ 20 ዓመት በፊት መሆኑ ዛሬ የታወቀ ስለሆነ ሁለተኛውንም ሐሳብ እንዲሁ መጣል አይቻልም።

የጎተራውን ነገር ከሚደግፉት ሁሉ የሚያስደንቀው የሲስተር ሜሪ ታሪክ ነው። ይህች እኅት በ19 ዓመቷ ማስተማር ስትጀምር የነበራት ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ብቻ ነበር። ለ22 ዓመት በየክረምቱ እየተማረች የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀቷን የተቀበለችው በ41 ዓመቷ ነው። ቀን እየሠራችሁ ማታ የምትማሩ አንባብያን የዚህን ድካም ታውቁታላችሁ። እስከ 84 ዓመቷ አስተማረች፤ በ101 ዓመቷም ሞተች። ከመሞቷ በፊት በተደረገላት የአእምሮ ፈተና ከ30 ነጥብ 27 አግኝታ ነበር። አንጎሏ ሲመዘን ግን 870 ግራም ብቻ ሆነ፤ ዝቃጩና የተተበተበው ክርም ሞልቶበት ተገኘ። በማይክሮስኮፕ ያያት ሰው «ይህች ሴት ስሟንም አታውቅም ነበር» ባለ ነበር፤ እርሷ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ አእምሮዋ ንጹሕ ነበር።

ሌላም ትምህርት አለ። በ1997 በወጣው ጥናት ምርመራው አልዛይመር እንዳለባቸው ካሳየባቸው 61 እኅቶች መካከል ሁሉም በሕይወታቸው የሚረሱ አልነበሩም። በአንጎላቸው የደም ሥር ተደፍኖ የማያውቀው መርሳት የደረሰባቸው 57 ከመቶ ሲሆኑ፣ በአንጎላቸው ጥልቅ ክፍል ትንንሽ የደም ሥሮች ተደፍነው ጉዳት ካደረሱባቸው ግን 93 ከመቶ ነበሩ። ስለዚህ አልዛይመር ብቻውን ሲመጣ አንጎል ሊቋቋመው የሚችልበት ጊዜ አለ፤ የደም ሥር ጉዳት ሲጨመርበት ግን ያሸንፈዋል። «እርጅና ብቻህን ና» የሚለው ምኞት ለካ ሕክምናም ኖሮበታል!

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 በዓለም 57 ሚሊዮን ሰዎች የመርሳት በሽታ ነበረባቸው፤ ከእነዚህም ከመቶው ከ60 በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው። የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። በ2023 አሜሪካ የፈቀደችው ሌካኔማብ የተባለው መድኃኒት ዝቃጩን ከአንጎል ያስወግዳል፤ በሽታውንም ገና ሲጀምር በመጠኑ ያዘገየዋል። ነገር ግን አንጎልን ሊያሳብጥና ሊያደማ ስለሚችል ብርቱ ቁጥጥር ያስፈልገዋል።

መከላከሉ ግን በእጃችን ያለ ነው። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አማካይነት የተሰበሰቡ ሊቃውንት በ2024 እንደ ገለጹት የመርሳት በሽታን የሚያባብሱ፣ ሰው ግን ሊያርማቸው የሚችላቸው 14 ምክንያቶች አሉ፤ ሁሉም ቢታረሙ በዓለም ካለው የመርሳት በሽታ እስከ 45 ከመቶ የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር። ከእነዚህም መካከል በልጅነት ትምህርት ማጣት፣ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ትንባሆ፣ መጠጥ ማብዛት፣ ሥጋን አለማሠራት፣ የጆሮ መድከምና ብቸኝነት ይገኙበታል።

እንግዲያው እናንተ በሃያዎቹ ዕድሜ ያላችሁ ወጣቶች ለፈተና ብቻ አታንብቡ፤ ፈተናው ካለፈም በኋላ አንብቡ፣ ጻፉ፣ ተከራከሩ። ጎተራው የሚሞላው አሁን ነው። በወር ደመወዛችሁ የምትረዷቸው እናትና አባት ካሏችሁ ደግሞ የደም ግፊታቸውን አስለኩላቸው፤ ጆሯቸው ከደከመም «እርጅና ነው» ብላችሁ አትተዉት፣ ሐኪም ያየው ዘንድ ውሰዷቸው። ጆሮው የደከመ ሰው ከጨዋታ ይርቃል፤ ከጨዋታ የራቀ ሰውም ብቻውን ይቀራል።

መርሳቱ ከጀመራቸው ግን «አሁን ነገርኩዎ አይደለም?» እያላችሁ አትቆጡ። ቁጣው ያሳዝናቸዋል እንጂ የረሱትን አይመልስላቸውም። በሽታው የወሰደባቸው ትዝታን ነው፤ የሰውን ፊትና የድምፁን ቃና ግን ብዙ ዘመን ይለያሉ። አንድ ጥያቄ አምስት ጊዜ ለሚጠይቋችሁ አያት አምስተኛውን መልስ እንደ መጀመሪያው በፈገግታ መልሱላቸው፤ ለእርሳቸው መጀመሪያው ነውና።