ውጭ የሚያስኬደው ካርድ

ሜዳ ላይ ካርድ ማየት የሚፈልግ ተጫዋች የለም። የአጅባርን የደሃ ልጅ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሊያደርስ የሚችል አንድ ካርድ ግን አለ። የትምህርት ቤት ካርድ!

ለብዙ ታዳጊ የውጭው መንገድ አንድ ብቻ ይመስለዋል። አዲስ አበባ ገብቶ ክለብ ማግኘት፣ ከዚያ ኤጀንት መጠበቅ። ትምህርቱ? «በኋላ ይደረስበታል» ይባላል።

ጋናዎች ሌላ መንገድ አሳይተዋል። እንግሊዛዊው ቶም ቬርኖን እ.ኤ.አ. በ1999 ያቋቋመው «ራይት ቱ ድሪም» አካዳሚ ታዳጊዎችን በችሎታ መርጦ ምግብ፣ መኝታና ትምህርት በነፃ ይሰጣል። መሐመድ ኩዱስ የወጣው ከዚህ ነው። ሁሉም ግን ኩዱስ አይሆንም። ለዚህም አካዳሚው የተወሰኑትን በስኮላርሽፕ ወደ አሜሪካ ይልካል። አቡ ዳንላዲ ካሊፎርኒያ ሄዶ ሁለተኛ ደረጃን ተማረ፣ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ገባ። የአሜሪካ ክለቦች ተጫዋች በሚመርጡበት የ2017 ድራፍት ሚኔሶታ ዩናይትድ ከሁሉም ቀድሞ የጠራው እሱን ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ደግሞ የጆርጅታውኑ ጆሽዋ ያሮ ሁለተኛ ሆኖ ለፊላደልፊያ ዩኒየን ተመርጧል። እሱም የዚያው አካዳሚ ልጅ ነው።

ለእኛ ደጋ የሚቀርበው ግን የኬንያው ነው። በ1972 የሙኒክ ኦሊምፒክ በ800 ሜትር ነሐስ ያገኘው ማይክ ቦይት ራሱ በሩጫ አሜሪካ የተማረ ሰው ነው። በ2004 ከአሜሪካዊው ጆን ማነርስ ጋር ኢተን ላይ አንድ ፕሮጀክት ጀመሩ። ሀሳባቸው የደሃ ቤተሰብ ጎበዝ ተማሪዎችን በሩጫ ተሰጥኦ እያገዙ ዩኒቨርሲቲ ማስገባት ነበር። የሆነው ሌላ ነው። አብዛኞቹን ያስገባቸው እግራቸው ሳይሆን የፈተና ውጤታቸው ሆነ። ከ100 በላይ ልጆች ሃርቫርድና ዬልን ወደመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሄደዋል። እነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርት ብለው ስኮላርሽፕ አይሰጡም። የገባውን ልጅ ግን ቤተሰቡ መክፈል ካልቻለ ወጪውን ይሸፍኑለታል።

አጅባር ላይ ችግሩ ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016ም 5.4 በመቶ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በጦርነቱ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። ጎል የሚያገባ ልጅ ሞልቷል፤ ክፍል ገብቶ የሚማርበት ቀን ግን ጠፍቷል።

ቢሆንም አሁኑኑ የሚሠራ ሥራ አለ። አንደኛ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለው ካርድ አይጣል፤ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የአራቱንም ዓመት ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛ፤ ፈተናው አይቀርም። ሦስተኛ፣ ጨዋታው በሞባይል ይቀረጽ። የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኞች አድራሻቸው በይፋ ስለሚገኝ ቪዲዮውን በቀጥታ መላክ ይቻላል። አራተኛ፣ የፕሮፌሽናል ኮንትራት ለመፈረም አትቸኩሉ፤ በዩኒቨርሲቲ ውድድር የመጫወት መብትን ሊያሳጣ ይችላል።

«ስኮላርሽፕ አስገኛለሁ፣ ቅድሚያ ክፈሉ» የሚል ደላላ ከመጣስ? የአባትየው በሬ ከመሸጡ በፊት ዩኒቨርሲቲውን ራሱን ጠይቁ። እውነተኛው ስኮላርሽፕ ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም።

የሠፈሩ አሰልጣኝም ሰኞ ልምምድ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨምር። «ጫማህ የታለ?» ብቻ ሳይሆን «ካርድህስ?»